አዲሱን ብራውዘር «አርጅቷል» ያለው ኮዴ

መጋቢት 2014 ዓ.ም. ሊያልቅ አካባቢ ነው። ሲስተም ከሠራሁላቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ሒሳብ ክፍል የሚሠሩ እናት ደወሉልኝ። ለፋሲካ አገር ቤት ሊሄዱ ነው፤ የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ግን አልከፈት ብሏቸዋል። ስክሪኑ ላይ «ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ ያድሱት» ይላል።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ገና ዛሬ ጠዋት ነው አፕዴት ያደረግኩት!»

እውነታቸውን ነበር። አጠገባቸው ያለው ያልታደሰ ኮምፒውተር ደግሞ ቅጹን ያለችግር ይከፍታል። ይሄ ነው ያባነነኝ። የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም የገቡለትን ጥያቄዎች መዝገብ፣ ከፈትኩ። ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚናገር አንድ መስመር አብሮ ይልካል፤ ዩዘር ኤጀንት ይባላል። የእሳቸው «ክሮም/100» ይላል፤ 100 የብራውዘሩ ስሪት ቁጥር ነው። ከዓመታት በፊት የጻፍኩት ኮድ ከስሙ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አሃዞች ብቻ ነው የሚያነበው። 100ን 10 ብሎ አነበበው። የምቀበለው ከ60 ጀምሮ ነበር።

በጣም የቆጨኝ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦፔራ የሚባለው ብራውዘር ስሪት 10 ሲወጣ አንዳንድ ድረ ገጾች 1 ብለው አነበቡት። ኦፔራ መላ ሲያጣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ 9.80 ማለቱን ቀጠለ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ወደ መጨረሻ ገፋው። የክሮምና የፋየርፎክስ ሰዎችም 100 ሳይደርስ ኮዳችሁን ፈትሹ ብለው ነበር። አልፈተሽኩም።

ስሙም ቢሆን አያስተማምንም። ያው የክሮም መስመር «ሞዚላ/5.0» ብሎ ይጀምርና በሌላ ብራውዘር ስም፣ «ሳፋሪ/537.36» ብሎ ይጨርሳል። ሞዚላ ኔትስኬፕ የሚባለው የድሮ ብራውዘር የቤት ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድረ ገጾች ፍሬም ያለውን፣ ማለትም በክፍል በክፍል የተከፈለውን ገጽ ለሞዚላ ብቻ ሲሰጡ፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ሞዚላ ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የቀዳሚዎቹን ስም እየደረበ ቀጠለ። አልፈርድባቸውም፤ በር ላይ ስም እየጠየቅን የምንመልሳቸው እኛ ነን።

ኮዱ ሦስት አሃዝ እንዲያነብ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ግን ፍተሻውን ከነጭራሹ ነቅዬ ጣልኩት። ቅጹ ለየት ያለ ነገር የሚፈልገው ለቀን መምረጫው ሳጥን ብቻ ነው። አሁን ኮዱ አንድ ሳጥን ይፈጥርና ዓይነቱን «ቀን» ያደርገዋል፤ ከዚያ መልሶ ያነበዋል። ብራውዘሩ ካልቻለበት ተራ «ጽሑፍ» ሆኖ ይመለሳል። ያኔ ቀን፣ ወርና ዓመት በእጅ የሚሞላባቸው ሦስት ሳጥኖች ይመጣሉ። ስሙን የሚጠይቀው የለም።

ከሰዓት በኋላ እኚያ እናት መልሰው ደወሉ። ቅጹን ሞልተው ልከዋል።