ከጎሜሬስ ዳገት እስከ ሄሬስ ጭብጨባ

በደቡብ ስፔን ባለችው ግራናዳ ውስጥ ከፕላሳ ኑኤቫ ወደ አልሃምብራ የሚያወጣው ጠባብ ዳገት ጎሜሬስ ይባላል። ቱሪስቱ ቤተ መንግሥቱ ጋ ለመድረስ ይጣደፋል፤ ጊታር ሊማር የመጣ ሰው ግን እዚህ መንገድ ላይ ቢዘገይ ይሻለዋል። የጊታር ሠሪዎች ሱቅና ወርክሾፕ ያለው እዚሁ ነው፣ በር ሲከፈትም የእንጨቱ ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። ለእኛ አፍንጫ እንግዳ ሽታ አይደለም። ፍላሜንኮ የሚባለው የደቡብ ስፔን ሙዚቃ የሚጫወትበት ጊታር ጎንና ጀርባ በባህሉ የሚሠራው ከሲፕረስ ነው፤ እሱም እኛ አጥር የምናደርገው የፈረንጅ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው።

ሠሪው የጊታሩን ፊት በተዘጋጀ ሰሌዳ ላይ ደፍቶታል። ፊቱንና ጎኑን የሚያያይዙት ጥርስ የሚያካክሉ እንጨቶች ናቸው፤ አንድ በአንድ ሙጫ እየቀባ ጥጉ ላይ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱን በጣቱ ጫን ብሎ ጥቂት ይቆይና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፔዮኔስ ይሏቸዋል። ዙሪያውን እስኪጨርስ ብዙ ደርዘን ይሆናሉ።

ፊቱን እንዲህ የሚንከባከቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንይዘውን ጊታር መልክ ያስያዘው በ1817 እ.ኤ.አ. አልሜሪያ አጠገብ የተወለደው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። የክሩን ርዝመት 65 ሳንቲሜትር አካባቢ ያደረገውና ከፊቱ ሥር እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን ደጋፊ እንጨቶችን ሥርዓት ያስያዘው እሱ ነው። በ1862 ደግሞ ጎኑና ጀርባው በሙጫ ከተላቆጠ ወረቀት፣ ፊቱ ብቻ ከጥሩ እንጨት የሆነ ጊታር ሠራ። ድምፁን የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር።

ስለዚህ ጀማሪ ጊታር ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የድምፅ ቀዳዳውን ከንፈር ነው። በፊቱ ላይ የሚታየው የእንጨት መስመር ከንፈሩ ላይም ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከወረደ ወጥ እንጨት ነው፤ እንደ ዳቦ ሽፋን ተደራርቦ ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱን ከሚከፋፍሉት የብረት ዘንጎች 12ኛው፣ ላይ ወፍራሙ ክር ከፍሬቱ ስንት ሚሊሜትር ከፍ እንደሚል ይለካል። 3 አካባቢ ከሆነ ለፍላሜንኮ ምቹ ነው፤ ከ4 ካለፈ ግራ እጅ ቶሎ ይደክማል። ሦስተኛው ጎልፔያዶር የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ ልባስ ነው፤ ከክሮቹ ግርጌ ፊቱ ላይ ይለጠፋል። እሱ የሌለው ክላሲካል ጊታር ላይ ጎልፔ፣ ማለትም በጥፍር ፊቱን መምታት፣ የተለማመደ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ እንጨቱን ይቦረቡረዋል።

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚጀምረው በብረት ክር ጊታር ነው። በእሱ ኮርድ መማር ይቻላል፤ ራስጌያዶ ግን አይሞከርም። ራስጌያዶ ጣቶችን አንድ በአንድ ወደ ውጭ እየፈቱ ክሮቹን በጥፍር ጀርባ ማውረድ ነው፣ ብረት ክር ደግሞ ጥፍር ይበላል። መፍትሔ ብለው ናይለን ክር ለሚፈልግ ጊታር ብረት ክር የሚያስሩም አሉ፤ የብረቱ ጉተታ ይበረታና ክሩ የታሰረበትን ብሪጅ ከፊቱ ይነቅለዋል። እንዲህ የተነቀለ ጊታር ብዙ ጊዜ አይቻለሁና አጥብቄ እናገራለሁ፤ አታድርጉት።

ግራናዳ ያሉ አስተማሪዎች ቆንጆ ቆንጆዎቹን ሶሎዎች አስቀድመው ይሰጣሉ። ደራሲው የማይታወቀው ሮማንስ የሚባለው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ሦስት ድምፅ ይፈስሳል፤ የቀለበት ጣት 1ኛውን (ቀጭኑን)፣ መሃል ጣት 2ኛውን፣ ጠቋሚ ጣት 3ኛውን ክር ይነካል፣ አውራ ጣት በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ባዶውን 6ኛ ክር ያሰማል። ዜማው በሙሉ 1ኛው ክር ላይ ነው፤ 7ኛ ፍሬት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 7፣ 5፣ 3፣ ከዚያ 3፣ 2፣ ባዶ። እስከዚህ ድረስ በአንድ ቀን ይያዛል። ጀማሪውን የሚያሳስተውም ቅለቱ ነው፤ ሦስቱን ጣቶች በእኩል ጉልበት ይመታና ዜማው በአጃቢዎቹ ይዋጣል። የቀለበት ጣት ከሁሉ ደካማ ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ መሰማት ያለበት እሱ ነው። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ዜማውን በቀለበት ጣት ብቻ፣ ጣቱን 2ኛው ክር ላይ እያሳረፉ መጫወት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከዚያ በኋላ በለሆሳስ ይጨመራሉ። ሁለተኛው ክፍል ወደ ሚ ሜጀር ሲዞር ባሬ፣ ማለትም በአንድ ጣት ብዙ ክር መጫን፣ ይበዛበታል፣ ጣትም ይለጠጣል። ለጀማሪ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ማቆም ነውር የለውም።

ፍራንሲስኮ ታሬጋ የጻፈው ላግሪማ ሁለት ድምፅ አብሮ ማሰማትን ያስተምራል። በ1ኛው ክር ፍሬት 4፣ 5፣ 7፤ በዚያው ቅጽበት በ4ኛው ክር 2፣ 4፣ 6፤ በመካከሉ ባዶው 2ኛ ክር እየመለሰ ይደውላል። እዚህ የሚበላሸው ግራ እጅ ነው። ጣት ቦታ ሊቀይር ሲል ቀድሞ ይነሳና ድምፁ ይቆረጣል፣ እንባ ማለት የሆነው ቁራጭም መንተባተብ ይሆናል። ጣቱን ከክሩ ሳያነሱ፣ ግፊቱን ብቻ አላልቶ በክሩ ላይ ማንሸራተት ነው።

ወደ ሴቪያ በባቡር ወረድኩ። ጓዳልኪቪርን ተሻግሮ ትሪያና ስለሚባለው ሰፈር ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን የጉዞው እምብርት ከሴቪያ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ያለችው ሄሬስ ናት። ሳንትያጎና ሳን ሚጌል የሚባሉት ሁለቱ ሰፈሮች የፍላሜንኮ ቤተሰቦች ሰፈር ናቸው። እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ጊታር ሳይሆን ጭብጨባ ነው፤ ፓልማስ ይሉታል። በትክክል ማጨብጨብ ለማይችል ጊታሪስት ማንም አይዘፍንለትም። ይህ ጽሑፍ አንድ ነገር ቢያስረዳ የምፈልገው ይህንን ነው።

ምቱን ኮምፓስ ይሉታል። ሶሌያና ቡሌሪያ የሚባሉት የፍላሜንኮ ዓይነቶች ሁለቱም 12 ምት አላቸው፣ ጠንከር የሚሉትም 3ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ናቸው። ቡሌሪያ ሲቆጠር ከ12 ይነሳል፦ አሥራ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠንካሮቹን ተከትሎ ርቀታቸውን የሚያይ ሰው ከ12 ጀምሮ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2 ሆኖ ያገኘዋል። በጭፈራ ቤት በችክችካ ያደገ ጆሮ በስድስት ምት ውስጥ ሦስቱንም ሁለቱንም አብሮ መስማት ይችላልና ለዚህ ባዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ሦስቱና ሁለቱ ተራ በተራ መምጣታቸው ነው፤ በአንድ ጊዜ አይደረቡም።

እጅን በሁለት መንገድ ያጨበጭባሉ። ሁለቱ መዳፎች ጎድጉደው ሲገናኙ ድምፁ ወፍራምና የታፈነ ይሆናል፣ ሶርዳስ ይባላል፤ ዘፈን ሲዘፈን የሚጨበጨበው ይህ ነው። የቀኝ እጅ ጣቶች ብቻ የግራውን መዳፍ ሲመቱ ድምፁ ይጮኻል፤ እሱ ለጭፈራና ለማጋጋያ ነው። እንግዳ ሰው ሁልጊዜ በሶርዳስ፣ ዝግ አድርጎ ይጀምር። ሰው ሲዘፍን በጮኸ ጭብጨባ መግባት የዘፋኙን አፍ መዝጋት ነው።

ጊታሩ ላይ ሶሌያ የሚጀመረው እንዲህ ነው። 1 እና 2 ላይ ሚ ኮርድ፣ 3 ላይ ፋ። ይህ ፋ በመማሪያ መጽሐፍ ያለው ሙሉ ባሬ አይደለም፤ 4ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር 2ኛ፣ 2ኛው ክር 1ኛ፣ 1ኛው ክር ባዶ። ያ ባዶ ክር የሚፈጥረው መጎርበጥ ነው የፍላሜንኮው ቀለም። እስከ 9 ድረስ አውራ ጣት ወይም አርፔጆ፣ ማለትም የኮርዱን ድምፆች ተራ በተራ ማሰማት፣ ይሄዳል፣ 10 ላይ ወደ ሚ ይመለሳል። 11 እና 12 ላይ ጊታሩ ዝም ይላል፣ ወይም ሁለት ጎልፔ ይመታል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው 10 ላይ ነው። ዜማው ያረፈ ይመስለውና 11 እና 12ን ውጦ ወደ 1 ይዘልላል፤ አጨብጫቢው በአንድ መንገድ፣ እሱ በሌላ መንገድ ይቀራል። ሌላው ስህተት አውራ ጣት ነው። በፍላሜንኮ አውራ ጣት በጫፉ አይቆነጥርም። ከእጅ አንጓ በሙሉ ክብደቱ ወርዶ ከሥሩ ባለው ክር ላይ ያርፋል። ካላረፈ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፣ ምቱም ይንሳፈፋል።

ከፋ ወደ ሚ መውረድ ለምን ወዲያው ልብ እንደሚነካ ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ሚን መነሻ አድርገን አምባሰልን ብንቃኝ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ እናገኛለን። አምስቱም በሶሌያው መሰላል ውስጥ አሉ፤ ሬ እና ሶል ይጨመራሉ። ዝምድና አላቸው ለማለት አይደለም፣ ሁለቱ የየራሳቸው ሙዚቃ ናቸው። ነገር ግን ክራር በአምባሰል የሚቃኝ ሰው ከመነሻው በላይ ያለችውን ያቺን ግማሽ እርምጃ ጆሮው ያውቃታል፤ ፋን ሲጫን ወደ ሚ መውረዷን ይጠብቃል።

ምት ቆጣሪውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ በደቂቃ 60 ላይ አድርጎ፣ እግርን በጠንካሮቹ ምቶች ላይ ብቻ እየጣሉ፣ 12ቱን በአፍ መቁጠር ይቀድማል። በስፓኒሽ ሲቆጠር 11 እና 12ን ኡን፣ ዶስ ብለው ያሳጥሯቸዋል፤ በአማርኛም «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ማለት ምላስ ስለሚያዘገይ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁረጥ ይሻላል። ጊታሩ ከሳጥኑ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሄሬስ የቡሌሪያ ከተማ ብትሆንም ቡሌሪያ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ስለሚሮጥ፣ ሶሌያው በዝግታ ሳይጎድል አሥር ዙር እስኪሄድ ድረስ አይነካም።