የቤተሰቡን ንስሐ አባት ሳትነግሩት አትጥሩበት

የጠፋ ወንድሜን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንደኛው ዓመት የባከነው በኔ ጥፋት ነው።

የሠራልኝን ዘዴ በአጭሩ ልበል። የጀመርነው በፍልሰታ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ገብቶ በ16 ይፈታል፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው እኩለ ቀን ገደማ ስለሚገባ «ሌሊት መነሳት አልችልም» የሚል ሰው ማምለጫ ያጣል። ነጠላ አውሱት፣ ለጫማው ፌስታል ስጡት። ካልሲውንም እዩለት፤ ጣቱ በቀዳዳ የወጣበት ሰው ቅዳሴውን ሙሉ ሲሳቀቅ ይቆማል እንጂ አያስቀድስም። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል የሚመለሰውን ከረሳ የቅዳሴውን መጽሐፍ ቤቱ አንብቦ ይምጣ፤ እዚያ ስልክ ሲነካካ እናቶች ይቆጡታል።

በስቅለት ግን አትጀምሩ። ብዙ ቤተሰብ «ቢያንስ ለስግደቱ ይምጣ» ይላል። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም፣ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታህ» አይሉትም። ለዓመታት ሳይሰግድ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ጭኑን ብቻ ነው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰባኪው ሁሉ «መጀመሪያ ንስሐ ይግባ» ይላል። ለመቁረብ አዎ፤ ለመምጣት ግን አይደለም ባይ ነኝ። ያኔ ምክሩን እንዳለ ይዤ ለኅዳር ሚካኤል ጸበል ጻዲቅ የእናታችንን ንስሐ አባት ጠራሁ፤ ለወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም። ካህኑ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና በዘመድ አዝማድ ፊት «አንተ ልጅ፣ ከቆረብክ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት። ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ስምንት ወር ስልኬን አላነሳም። ንስሐ በጆሮ እንጂ በሰው ፊት እንደማይጠየቅ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። የጠራኋቸው ግን እኔ ነኝ።

በሰው ፊት ባይጠይቁት ኖሮም እንኳ፣ ካህኑ የእናታችን መሆናቸው ብቻ ይበቃ ነበር። ምሥጢሩ እንደማይወጣ ቢያምንም፣ የነገራቸው አባት በየበዓሉ ከእናቱ ጎን ተቀምጠው ሲበሉ ያያቸዋል። «አንድ ቤት አንድ ንስሐ አባት» የሚለው ልማድ ቤት ላለ ሰው መልካም ነው፤ ለጠፋ ሰው አጥር ነው። ቤተሰቡን የማያውቁ አባት ከሌላ ደብር ራሱ ይምረጥ። ቀድሞ የያዛቸው ካሉ ግን ማሰናበቻ ይጠይቅ፤ አለዚያ አዲሱ አባት መልሰው ሊልኩት ይችላሉ።

ንስሐ ሲገባ አባት ስለሚሰጡት ቀኖናም ቀድማችሁ ንገሩት። ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ከበደኝ ማለት የሚቻለው እዚያው ፊታቸው ላይ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አብዛኛው «እሺ አባቴ» ብሎ ይወጣል፣ በሦስተኛው ቀን ያቋርጣል፣ ከዚያ አፍሮ ሁለተኛ ይጠፋል። ይህኛው መጥፋት ከመጀመሪያው ይብሳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም ስለሌለ ቀኖናው ሊዘገይ ይችላል፤ ተረሳሁ እንዳይል ይወቀው።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት በመጨረሻ ነው፦ «ለምን ቀረህ?» እኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። በሰማንያ፣ ማለትም ያለ ቁርባን በውል፣ ስለተጋባ በሩ የተዘጋበት መስሎት ኖሯል። አክሊል የሚደፋበት የተክሊል ጋብቻ ለደናግል ነው እንጂ፣ ባልና ሚስት ንስሐ ገብተው በቁርባን መጽናት እንደሚችሉ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኩትም፤ ካልሲ ስመርጥለት ነበር።

አሁን ከሚስቱ ጋር አጸዱ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ፣ የማሰናበቻው «እትዉ በሰላም» ሳይባል አይወጡም። ወደ ውስጥ ግቡ አላልኳቸውም።