አዳማ ላይ ቲማቲሜ ቂጡ የጠቆረው በውሃ እንጂ በበሽታ አልነበረም
ቂጡ የጠቆረ ቲማቲም በፀረ ፈንገስ አይድንም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ሁለት ዙር ርጭትና ሁለት ዘለላ ፍሬ ይተርፈኝ ነበር።

ማሳው 500 ካሬ ነው። ዘሩ መልካሳ ምርምር ያወጣው መልካሾላ። ችግኙን በ30 ቀኑ ፀሐይ በረድ ሲል አዛወርኩ፤ በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 10 ኪሎ ከተከላ ጋር፣ ዩሪያ 5 ኪሎ በሁለት ጊዜ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር።

የመጀመሪያው ዘለላ ሎሚ ሲያክል ፍሬው ከተንጠለጠለበት በተቃራኒ በኩል ውሃ የቋጠረ የመሰለ ነጥብ ወጣበት። በጥቂት ቀን ሰፋ፣ ጠቆረ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎዶ እንደ ቆዳ ደረቀ። ቅጠሉና ግንዱ ግን ምንም አልነካቸውም። ለምክር የመጣው ባለሙያ ከመንገድ ዳር ሆኖ «ሻጋታ ነው፣ ርጭ» ብሎኝ ሄደ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ቢነካ መልሱ እዚያው ነበር። ያልነካሁት እኔም ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ ፍሬው ውስጥ የካልሲየም እጥረት ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ሲሆን ውሃው የሚበዛው ትነት ወደሚበዛበት ቅጠል ነው። አፈር ሲደርቅ ፍሬው ጦሙን ያድራል። የቦይ ተራ የሚደርሰኝ በ8 ቀን አንዴ ነው። በ5ኛው ቀን ቀላሉ አፈራችን እስከ ጣት ጥልቀት ዱቄት ይሆናል፣ ነፋሱም አለ። በ8ኛው ቀን ደግሞ ላካክስ ብዬ አጥለቀልቀው ነበር። ሁለተኛውን ዩሪያ 2 ኪሎ ማብዛቴ ጭራሽ አባባሰው፤ ቅጠል ያደልባል፣ ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒየምም ሥሩ ካልሲየም እንዳይወስድ ይሻማዋል።

«በየ7 ቀኑ አጠጡ» የሚለው ምክር ለዋልካ መሬት ይሁን፤ ለእኛ አፈር አይሆንም። 5,000 ሊትር ሮቶ እየሞላሁ በተራዎቹ መካከል ሁለት ጊዜ ለያንዳንዱ ግንድ 2 ሊትር በቱቦ ሰጠሁ። የጤፍ ጭድ በአራት ጣት ውፍረት አለበስኩ፣ ከግንዱ አራት ጣት አርቄ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ወዲያው ውሃ አርከፍክፉበት። ከማጠጣታችሁ በፊት 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ተጨብጦ ከቆየ ይቆይ፣ ከተበተነ አጠጡ።

ኖራ ጨምሩ የሚሉም አሉ። ኖራ ለአሲዳማ መሬት ነው፤ የስምጥ ሸለቆ አፈር አብዛኛው ካልሲየም አላነሰውም፣ ያነሰው የሚያጓጉዘው ውሃ ነው።

የጠቆረውን ልቀሙት፣ አይመለስም። ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የተቋጠረው ሦስተኛ ዘለላ ንጹህ ወጣ። ቲማቲም በተወደደበት ሳምንት የደረሱት ሁለቱ ዘለላዎች ግን ሣጥን ሳይገቡ ለከብት ሄዱ።