ካራማራ፣ ከአያቴ ኮዳ ጋር

ሐረር ያደርኩበት ፔንሲዮን 600 ብር ተቀብሎኝ እንቅልፍ ነሳኝ። መስኮቱ አይዘጋም፣ አጎበሩ ተቀዷል፤ ቢምቢው ሲግጠኝ አደረ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ከብርድ ጋር እንጂ ከቢምቢ ጋር መታገል የት ያውቃል! ከአዲስ አበባ ሐረር ያለውን መንገድማ ተኝቼ ነው የጨረስኩት፤ ቁልቢን እንኳ ያየሁት ረዳቱ ቀስቅሶኝ ነው።

ጠዋት በጅጅጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ የአያቴ ኮዳ አለ፤ አንድ ጎኑ የተጨረመተ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የረገፈ።

በሚያዝያ 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ አባባ 50 ዓመት አልፎታል። የገበሬ ማኅበሩ የመዘገበው አባቴን ነበር። አባቴ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። አባባ ሽበታም ጺሙን ተላጭቶ ሄደና «እሱን ተዉት፣ እኔን ጻፉ» አላቸው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ከልጁ እኩዮች ጋር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ስለ ውጊያው ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ውሃ ጥም ብቻ ነበር። «ኮዳዬን ብነቀንቀው፣ ብነቀንቀው፣ ድምፅ የለውም» ይላል። ይህን ሲል ባዶ እጁን ጆሮው ሥር አድርጎ ይነቀንቃል።

ባቢሌ ላይ ትኩስ ለውዝ ገዛሁ። እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጡ ድንጋዮች አሁን ይወድቃሉ እያልኩ አለፍኳቸው።

ካራማራ ስንደርስ ሾፌሩን ለአምስት ደቂቃ እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። ፊቱን አላዞረም። በጣም ተናደድኩ፤ ስንት ሰዓት ተጉዤ! አጠገቤ የተቀመጡ ሶማሌ ሽማግሌ ኮዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሶማሊኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። መኪናው ቆመ።

አብረውኝ ወረዱ። ነፋሱ ነጠላቸውን ያርገበግበዋል። ከበስተምሥራቅ የጅጅጋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ ብፈልግ አጣሁ። ከተማዋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ የካቲት 26 የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ያስለቀቃት በዚህ አካባቢ ተዋግቶ ነው። አባባ የተጠማው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

«የአባትህ ነው?» አሉኝ።

«የአያቴ ነው፣ አዴር» አልኳቸው፣ በሶማሊኛ «አጎቴ» ለማለት። «እዚህ ተዋግቷል።»

ዝም አሉ። ቆይተው «ታላቅ ወንድሜም በዚያኛው ወገን ነበር። አልተመለሰም» አሉ።

ምን እንደምል ጨነቀኝ። ኮዳውን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። ከዚያ ሃይላንዳቸውን ከፍተው፣ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ አንገቱን በመዳፋቸው ከልለው፣ ግማሹን ውሃ ገለበጡልኝ።

ጅጅጋ ስገባ ባለባጃጁ ለአጭር መንገድ 200 ብር ጠየቀኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሳልከራከር አልከፍልም ነበር። ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ኮዳው ጭኔ ላይ ሲንቦጫረቅ እሰማለሁ።