«ኦንላይን ይክፈሉ» ያልናቸው ሰውዬ

አለቃዬ ፖስታ አይወድም። ጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል። ፊንሴን የሚባለው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ክፍል በ2023 ካወጣው ማስጠንቀቂያ የተወሰደ ነው። የቼክ ማጭበርበር ተጠርጥሮ የቀረበው ሪፖርት በ2021 ከ350,000 በላይ ነበር፤ በ2022 ደግሞ ከ680,000 በላይ ሆነ ይላል። ደንበኛ ደውሎ «ቼኩን እኮ ልኬዋለሁ» ባለ ቁጥር አለቃዬ ቀና ይልና ቁጥሩን ያነብለታል። ከዚያ «ኦንላይን ክፈል» ይልና ስልኩን ይዘጋል።

ቁጥሩን አልክድም። ሪፖርት የተደረገው ሁሉ በፖስታ ስርቆት የመጣ አይደለም፤ ችግሩ ግን አለ። መንገድ ዳር ካሉት ሰማያዊ ሣጥኖች ፖስታ ይሰረቃል። ሌቦቹ ቼኩን በኬሚካል ያጥቡታል። የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ መጠን ይለቃል፣ ፊርማው ይቀራል፣ ከዚያ የፈለጉትን ይሞሉበታል። እኔን የሚያበግነኝ ቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ምክር ነው። «ኦንላይን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንድም ቀን አብራርቶ አያውቅም።

እኛ የአገልግሎት ክፍያ የምንሰበስብ ትንሽ ቢሮ ነን። የእኔ ሥራ የመጣውን ቼክ ከደንበኛው ሂሳብ ጋር ማገናኘት ነው። ቼኩ ከቢሉ ቁራጭ ጋር፣ ማለትም ተቀድዶ ከክፍያው ጋር ከሚላከው የቢሉ ክፍል ጋር፣ ከመጣ ጊዜ አይፈጅም። ቁራጭ ከሌለው፣ የተጻፈበት የአካውንት ቁጥርም ሲስተሙ ላይ ካልተገኘ፣ ወደ ቢጫው ፎልደር ይሄዳል። ፎልደሩን አርብ አርብ ማጣራት የአለቃ ሥራ ነው። በደንባችን ላይ እንዲህ ተጽፏል።

ሰውዬው የደወሉ ቀን ስልኩን ያነሳው አለቃዬ ነበር። እንግሊዝኛቸው ከእሱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እሱ ግን ስማቸውን አየና «ይሄ የአንቺ ነው» ብሎ አቀበለኝ። ስፒከር ላይ አድርጊው አለኝ። አማርኛ አንድ ቃል አይሰማም። ስፒከሩን ለምን እንደፈለገው እስካሁን አልገባኝም።

«ልጄ፣ ቅጣት ጽፋችሁብኛል።»

«አዎ ጋሼ፣ ያለፈው ወር ክፍያ አልደረሰንም።»

«ገንዘቡማ ከባንኬ ወጥቷል።»

«ቼክ ልከው ነበር?»

«ቼክማ ብልክ መች ይጠፋ ነበር!»

ሳቄ መጣ። አለቃዬ አጠገቤ ስለቆመ ዋጥኩት።

ሰውዬው ቀጠሉ። «እኔ ለዓመታት የከፈልኩት በፖስታ ነው። በጥቁር ጄል እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ እሱ በኬሚካል በቀላሉ አይለቅም። ባዶ ቦታ አልተውም። የአካውንት ቁጥሬን ከታች እጽፋለሁ። ፎቶ አነሳዋለሁ። መንገድ ላይ ያለ ሣጥን ውስጥ አልጥልም፣ ደጄ ባለው ሣጥን ላይ ‹የሚላክ ፖስታ አለ› የምትለውን ቀይ ባንዲራ አቁሜም አልሄድም፤ ፖስታ ቤት ገብቼ ለሠራተኛው በእጁ እሰጠዋለሁ። ለግብር መሥሪያ ቤቱ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለው ቀን ይበቃል፤ እናንተ ግን የምትቆጥሩት የደረሰበትን ቀን ነው። ስለዚህ ቀደም አድርጌ እልካለሁ። አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ ‹ፖስታ አደገኛ ነው፣ ኦንላይን ይክፈሉ› ብሎ ቁጥር አነበበልኝ። ስድስት መቶ ምናምን ሺህ አለኝ። ፈራሁ። ከባንኬ ድረ ገጽ ላይ ከፈልኩ። ይኸው ጉዱ!»

ጎረምሳው አጠገቤ ቆሞ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«በባንካቸው ኦንላይን ከፍለዋል።»

«ሊሆን አይችልም። ኦንላይን ቢሆን ሲስተሙ ላይ ይታይ ነበር።»

እዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። እኔም ጠረጠርኩ። «ጋሼ፣ ባንኩ ገጽ ላይ ክፍያውን ይጫኑት፣ ዝርዝሩ ይወጣል። በምን እንደተላከ ይላል?» አልኳቸው። ቆዩ። መነጽር ሲፈልጉ ይሰማኛል። አለቃዬ ሰዓቱን አየ።

«ቼክ ይላል» አሉ። «ቁጥርም አለው። በፖስታ ተልኳል ይላል እኮ! እኔ መቼ ቼክ ጻፍኩ?»

እሳቸው አልጻፉም። የጻፈው ባንኩ ነው። በባንክ ድረ ገጽ ላይ ቢል ስትከፍሉ ገንዘቡ ሁልጊዜ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አይሄድም። ባንኩ ከተቀባዩ ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት ከሌለው የወረቀት ቼክ ያትማል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ይልካል። እንደ እኛ ላለ ትንሽ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። አንዳንዱ ባንክ ገንዘቡን ከሂሳባችሁ ወዲያው ያወጣዋል። ስለዚህ እናንተ ዘንድ «ተከፍሏል» ይላል፣ ቼኩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በዚያ ላይ የቢሉን ቁራጭ አብሮ አይልክም። ያው ፖስታ ነው፤ ያው መንገድ፣ ያው ሌባ። የሚለየው ላኪው ብቻ ነው። በራሳችን ድረ ገጽ ከፍለው ቢሆን ወረቀት አይኖርም ነበር። አለቃዬ ይህን ማለቱ ይሆናል። ግን አላለም።

ይህን ባጭሩ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ማለት... ፖስታ አደገኛ ነው ብላችሁ፣ ፖስታውን ሌላ ሰው እንዲልክልኝ አደረጋችሁ?»

«እሱ ነው ጋሼ።»

«ለመሆኑ በጄል ነው የጻፈው?»

«በማሽን የታተመ ነው ጋሼ።»

«እሺ» አሉ። እንዲህ ያለ «እሺ» ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ በዚህ ስልክ፤ እንደዚያች «እሺ» ያሳፈረኝ የለም። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ።

ስልኩን ይዤ ወደ አለቃዬ ዞርኩ። ቢጫው ፎልደር ውስጥ እንይ አልኩት። «አይቼዋለሁ» አለ። እንደገና እንየው አልኩ። «አርብ አርብ አየዋለሁ አልኩሽ እኮ።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ካየውም ያየው ባለፈው ሳምንት ነው። ፎልደሩ ከመሳቢያው ሲወጣ በአርብ አርብ የሚታይ ፎልደር አይመስልም ነበር፤ ወፍሯል። የሰውዬው ቼክ መሀል ላይ ተገኘ። ስማቸው በትልቁ ታትሞበታል። የአካውንት ቁጥርም አለው፣ ግን የድሮው ቁጥር ነው። ሲስተም ስንቀይር ቁጥሮቹን ሁሉ ቀይረናል። ለደንበኞች ያሳወቅነው በቢሉ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ቼኩ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚለው የራሳችን ማኅተም አለ። ቀኑ ከመክፈያው የመጨረሻ ቀን በፊት ነው። ፖስታ ቤቱ ሥራውን በጊዜው ሠርቷል። ባንኩም ሠርቷል።

አለቃዬ ማኅተሙን አየ፣ አገላብጦ አየው። «ቁራጭ የለውማ» አለ።

ያ ነው ያለው። ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር፣ አልመጣም።

ሰውዬው ግን ቅጣቱን ቀድመው ከፍለውት ኖሯል። «እንዳይከመርብኝ ብዬ» አሉኝ። በምን? በቼክ፣ በፖስታ፣ በጥቁር ጄል እስክሪብቶ። ከነቁራጩ መጥቶ በዕለቱ ሂሳባቸው ላይ ገብቷል፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ስሙን ግን ልብ አላልኩትም። አሁን ልንመልስላቸው ነው። የእኛ ቢሮ ገንዘብ የሚመልሰው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በቼክ፣ በፖስታ። ቼኩን የፈረመው ያው ወረቀት ለጣፊው አለቃዬ ነው። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም።

ከዚያ በኋላ ለደንበኞች የሚላክ አጭር መመሪያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩ። «በባንክዎ ድረ ገጽ ከከፈሉ ባንኩ የወረቀት ቼክ በፖስታ ሊልክ ይችላል፤ ቼክ ወይስ ኤሌክትሮኒክ እንደሆነ ከዝርዝሩ ያረጋግጡ፤ አዲሱን የአካውንት ቁጥርም ያስመዝግቡ» የሚል መስመር አስገባሁ። ተመልሶ ሲመጣ መስመሩ የለም። «ሰው ያደናግራል» ተብሎ ወጥቷል። በምትኩ የ680,000ው ቁጥር ገብቷል፣ በደማቅ ፊደል።

በሚቀጥለው ወር ሰውዬው ደወሉ። በስሜ ጠይቀው ነው።

«ልጄ፣ የዚህን ወር በምን ልክፈል? አንቺ ንገሪኝ፣ ጎረምሳውን ተይው።»

አለቃዬ ስብሰባ ላይ ነበር። ስፒከሩን አላበራሁም። «በእኛ ድረ ገጽ ላይ ቢከፍሉ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ጋሼ፣ እንደ ድሮዎ ያድርጉ» አልኳቸው። «ቁራጩን አይርሱ፣ አዲሱን ቁጥር ይጻፉበት፣ ቀደም አድርገው ይላኩ።»

«ጄሉንም አልተውም» አሉ።

ስልኩን ስዘጋ ሲስተሙ የጥሪውን ውጤት እንድመርጥ ጠየቀኝ። ምርጫዎቹን ያዘጋጀው አለቃዬ ነው። ክፍያን የሚመለከተው አንድ ብቻ ነው፦ «ደንበኛው በኦንላይን እንዲከፍሉ ተመክረዋል»። እሱን መረጥኩ።