በቀን አንድ ጀሪካን

ቤቱን የተረከብነው አምና በጥር ነው። ሰሚት፣ በማኅበር የተሠራ፣ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት። አሥራ ሁለት ዓመት ተከራይተን፣ አምስት ጊዜ ዕቃ ጭነን ነው እዚህ የደረስነው። ስንገባ ቀለሙ አልደረቀም። የጓዳው በር አይዘጋም፣ መታጠቢያ ቤቱ መብራት የለውም። ቢሆንም የራስ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ፍራሽ መሬት ላይ ጥለን ተኛን። ባለቤቴ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «ምን እየሠራህ ነው?» ስለው «ኧረ እንዲሁ» አለኝ።

እናቴን ከጎንደር ያመጣናት በሁለተኛው ወር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። በስንት ልመና እሺ አለች፣ ያውም «ለጥቂት ጊዜ» ብላ። ክፍሏን አሰናዳንላት፣ ቁም ሣጥን ገዛንላት። እሷ ግን ሻንጣዋን አልፈታችም፤ በሩ ሥር አቆመችው። ልብስ ስትፈልግ ዚፑን ትከፍታለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ትዘጋለች።

«እማዬ፣ ቁም ሣጥኑ እኮ ባዶ ነው።»

«እንግዳ ሰው ምን ቁም ሣጥን ያስፈልገዋል?»

ነገሩን ተውኩት።

የኩሬው ሐሳብ የመጣልኝ በዚያው ሰሞን ነው። የአዲስ አበባ ተከራይ የነበረ ሰው ይገባዋል፤ ለእኔ የውሃ ድምፅ ማለት ሩጫ ነው። ፈረቃችን ሲደርስ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ መጀመሪያ ታስላለች። ትንፋሽ ትተፋለች፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ። ያን ሳል የሰማ ሁሉ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። አከራያችን በነጠላ ተሸፋፍነው በረንዳ ላይ ቆመው ይቆጥሩናል። ለአንድ ቤተሰብ አምስት ጀሪካን። ስድስተኛ ካየሁ ወዮላችሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ሰምቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም። እናም በራሴ ጓሮ፣ በራሴ ወንበር ላይ፣ ቡናዬን ይዤ ውሃ ሲፈስ ልስማ አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

እናቴ ስትሰማ ሳቀች። እንደ ሳቅ ያለ ሳቅ አይደለም።

«ፋሲል እንኳን፣ ንጉሡ፣ ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በዓመት አንዴ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይለቀቅለታል፣ ታቦት ያድርበታል፣ ሕዝብ ይጠመቅበታል። አንቺ ለምንሽ ነው?»

«ለማየት።»

«ውሃ ይታያል እንዴ?»

መጀመሪያ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ዩቲዩብ አይቼ፣ ሁለት የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ፣ መጋቢት ላይ አስቆፈርኩ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ። የጎረቤት ልጆች ግቢያችን ስለማይጠፉ ከዚያ በላይ ማስጠለቅ አልደፈርኩም። አፈሩ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። በጋ ስለነበር ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ እጄ እስከ አንጓው ይገባል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሲሚንቶና አሸዋ አስቦክቼ፣ አስለስኜ፣ ውሃ ሞላሁበትና ፎቶ አንስቼ ለእህቶቼ ላክሁ። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ አበጠ። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ ኩሬዬ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። አንዱ ጎኑ እንደ እንጀራ ጠርዝ ወደ ላይ ተጠቅልሏል።

ሰው ጠይቄ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አገኘሁ። መጡ፣ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ቆነጠር አደረጉ፣ በጣታቸው አሹት።

«ይሄ እኮ መረሬ ነው ልጄ። መረሬ ለጤፍና ለሽምብራ ነው የተፈጠረ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። በላዩ ያስቀመጥሽውን ሁሉ አብሮ ያንቀሳቅሳል።»

«ቤቱስ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ቤቱን የሠራው ሰው ሳያወጣው አልቀረም። አንቺ ነሽ ያላወጣሽው።»

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ጀመርን። ጥቁሩን አፈር ከኩሬው ወለል በታች 60 ሳንቲ ድረስ አስወጡ። በምትኩ ገረጋንቲ ሞልተው በየደረጃው ውሃ እያርከፈከፉ ጠቀጠቁት። በላዩ ፌሮ ዘረጉ፣ ከዚያ አርማታ፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ውሃ ልካቸውን በአራቱም ጠርዝ እያስቀመጡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። የኩሬ ጠርዝ ትንሽ ቢያዘነብል ውሃው ራሱ ያሳብቃል፤ በአንድ በኩል ሞልቶ በሌላው ይጎድላል። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ የመጣው ነው። አርማታው ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት አሉ። ሳይጠጣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሮቶ እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ ሲሚንቶ አጠጣሁ። እናቴ መስኮት ላይ ሆና ታየኛለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ ከስድብ ይብሳል።

ውሃው የሚፈስበትን ነገር ሳስብ ፕላስቲክም እብነ በረድም አላማረኝም። እንስራ አሰኘኝ። ቀጨኔ ሄድኩ። ሸክላውን ያለ ምንም መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ እየዳበሱ የሚያነሱትን እናቶች ቁጭ ብዬ ሳይ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ አንዷን ሥሩ ላይ ቀዳዳ ያለው እንስራ ይሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቧንቧው በሥሩ ገብቶ፣ ውሃው በአፉ ሞልቶ፣ በሆዱ ላይ እንዲወርድ ነው።

«ቀዳዳ?» አሉ፣ እጃቸውን ከጭቃው አንስተው። «ዕድሜዬን በሙሉ እንዳይቀደድ ነው የምለፋው።»

ሠሩልኝ ግን። ሳይተኮስ፣ ገና እርጥብ እያለ በሱት፤ ከተተኮሰ በኋላ ቢበሳ ይሰነጠቃል ብለው። ሲያስረክቡኝ ለሚያልፈው ሁሉ «ቀዳዳ እንስራ የገዛች እሷ ናት» ብለው አሳዩኝ። አሁን ሆዱ ላይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ ዳሰስ ሲያደርጉት እንደ ቬልቬት ይለሰልሳል።

ፓምፑን መርካቶ ነው የገዛሁት፣ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ፣ 40 ዋት። ሃያ አራት ሰዓት ቢሠራ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ባለቤቴ በቆጣሪው የተነሳ ስላኮረፈ ሒሳቡን ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩለት። እናቴ ፓምፑ ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ እንደሚያዞር ስትረዳ ግን በቃ ነገረ ሥራዬ ተጠቃለለላት። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ስለ እንቦጭ ካነሳሁ አይቀር። ኅዳር ላይ ከሐዋሳ ስንመለስ ቆቃ ጋ ወርደን ነበር። ዳር ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አየሁና አማረኝ፤ ሁለት ሥር በፌስታል ይዤ መጣሁ። እናቴ ፌስታሉን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ጣናን የበላው አይደለም?»

ነበር። ቆቃንና አዋሽን እንደውም ከጣና በፊት፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው የያዛቸው። እኔ ሐይቅ የሚያነቅ መጤ አረም በገዛ እጄ ተሸክሜ፣ ከተማ አሻግሬ፣ ጓሮዬ ላስገባ ነበር። እናቴ ፌስታሉን ነጥቃ፣ ተክሉን ቆርቆሮ ላይ አስጥታ፣ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ በእሳት አቃጠለችው። እስኪከስል ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም። በምትኩ ዳር ዳሩን ቄጠማ ተከልን። እሱን እሷም አልተቃወመችም፤ ቄጠማ ለበዓል ይታጨዳል፣ ጥቅም አለው።

እንቁራሪቷን ማንም አልጋበዛትም። ራሷ መጣች። ጎረቤታችን እትዬ በአጥር በኩል «ይሄ ኩሬያችሁ ቢምቢ አያመጣም?» ብለው ጠየቁ። ልክ ናቸው። ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው፤ የእኛ ይንቀሳቀሳል። መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል። ሁለት ቀን በጠፋ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ተራ በተራ በመጥረጊያ እንጨት ስናማስለው እትዬ አይተው አዘኑልን መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም።

ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ውሃው መጉደል ጀመረ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጉድለት እንቅልፍ ይነሳኛል። ፀሐይ የተወሰነውን እንደምትጠጣ አውቃለሁ፤ ምን ያህሉን ነው ጥያቄው። ለዚህ ቀላል ሙከራ አለ። ባልዲ በኩሬው ውሃ ትሞላለህ፣ ድንጋይ ላይ አድርገህ እዚያው ኩሬ ውስጥ ታቆመዋለህ። የሁለቱን ልክ በማርከር ታሰምራለህ። ፓምፑን አጥፍተህ አንድ ቀን ሙሉ ትተወዋለህ። እኩል ከወረዱ የፀሐይ ነው። ኩሬው ከባልዲው በላይ ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው።

ባልዲው 5 ሚሊ ሜትር ወረደ። ኩሬው 12።

በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። ልዩነቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት 3 ሊትር ነው። ሰባት በሦስት፣ 21። አንዷን ለዓይኔ ስሕተት ብተዋት፣ በቀን አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ይጠፋል። እሑድ ዕለት ግን ሁለቱም እኩል ወረዱ። ሰኞ እንደገና ጉድለት።

ግንበኛውን ጠራኋቸው። ጠርዙን አዩ፣ ልስኑን በመዶሻ እጀታ አንኳኩ፣ ቧንቧው የሚገባበትን ዳሰሱ። ምንም የለም። እሑድ እሑድ አያፈስም ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰንበት የሚያከብር ኩሬ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሐሙስ መጥተው ልስኑን አፍርሰው ሊያዩት ተቀጣጠርን። ሐሙስ ሊነጋ ሲል ነቃሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፎቅ ላይ ወጥቼ በመስኮት ቁልቁል አየሁ። እናቴ በጨለማው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ኩሬው ዳር ተቀምጣለች። በእጇ ያቺ አምስት ሊትር የምትይዘው የዘይት ጀሪካን አለች። አፏን ዘቅዝቃ ታጠልቃታለች፣ ቡልቅ ቡልቅ ስትል ትጠብቃለች፣ ከዚያ ተሸክማት ከሮቶው ጀርባ ትጠፋለች። ባዶዋን ይዛ ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ ስትመላለስ ቆሜ አየሁ። እሑድ በዚህ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናት።

በሥራዬ ከምንም በፊት የተማርኩት ነገር ነበር፤ ጉድለት በየቀኑ እኩል ቁጥር ከመጣ ስሕተት አይደለም፣ ውስጥ ያለ ሰው አለበት።

ነጠላ ጫማ አድርጌ ወረድኩ። ከሮቶው ጀርባ፣ በሮቶውና በአጥሩ መሐል፣ ዕቃ ካልሆነ ሰው የማይገባበት ጠባብ ቦታ ነው። አፈሩ ተጎልጉሏል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት። ሁሉም በመስመር ነው። ጥግ ላይ ደግሞ በእሾህ ታጥረው ሁለት ቡቃያ አሉ።

«እማዬ?»

አልደነገጠችም። «የሮቶውን ውሃ እንዳልጨርስባችሁ ብዬ ነው» አለች። «ይሄኛው እንደሁ ሥራ የለውም።»

«ኩሬው ያፈሳል ብዬ ግንበኛ ጠርቻለሁ እኮ! ዛሬ ሊያፈርሱት ነው!»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ጎንበስ ብዬ ጤና አዳሙን ሸተትኩት። ችግኙን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። ከራሷ ጓሮ የቋጠረችው ዘር ነው አለች፤ በመሐረብ አስራ ሻንጣው ሥር አድርጋው ነበር። ሁለቱን ቡቃያዎች አመለከትኩ።

«እነዚህስ?»

«ጌሾ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ጌሾ አይቸኩልም። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይፈልጋል» አለች፣ ጀሪካኗን እያንጠባጠበች።

ጀሪካኗን ተቀበልኳትና ሦስተኛውን ምልልስ እኔ ቀዳሁ። ከዚያ ለግንበኛው ደወልኩ፣ መዶሻቸውን ይዘው ሳይወጡ።