የሚለቀቀውና የሚገደለው፦ የትራውት ጉዞ ወደ የሎውስቶን

አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ፋየርሆል ወንዝ ላይ የተያዘ ሬይንቦው ትራውት የግድ ተመልሶ ይለቀቃል። ያው ዓሣ እዚያው ፓርክ ውስጥ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ርቆ ባለው ሶዳ ቡት ጅረት ላይ ከተያዘ ደግሞ የግድ ይገደላል። ለጉዞው ስዘጋጅ ከድንኳንም ከዘንግም በፊት የፓርኩን የማጥመድ ደንብ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ደንቡ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ከየክልከላው ጀርባ ያለው ምክንያት ከገባ በኋላ ግን በቃል ለመያዝ አያስቸግርም።

ከምዕራቡ በር ውጭ ባለችው ከተማ አንድ ሱቅ ገባሁ። የማጠምደው ፓርኩ ውስጥ ብቻ እንደሆነ እየነገርኩት ሻጩ የሞንታና ግዛት ፈቃድ ሊሸጥልኝ ሞከረ። እስካሁን ያናድደኛል፤ ደንቡን ያላነበበ እንግዳ ለማይጠቅመው ወረቀት ገንዘቡን ከፍሎ ይወጣ ነበር። የግዛት ፈቃድ ፓርኩ ውስጥ አይሠራም። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የፓርኩን የራሱን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ለ3 ቀን 40፣ ለ7 ቀን 55፣ ለሙሉ ወቅት 75 ዶላር ነው። አብዛኛው ውሃ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ከሚከበረው የሜሞሪያል ዴይ በዓል በፊት ካለው ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 31 ሲሆን የሚጠመደውም ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ብቻ ነው።

እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው የክር ማስመጫ ክብደት አብዛኛው እርሳስ ነበር። ፓርኩ ውስጥ እርሳስ ክልክል ነው፤ የውሃ ወፎች እየዋጡት ይመረዛሉና። ከሥራቸው ፌልት የሚባል ወፍራም የጨርቅ ሶል የተለጠፈባቸው የወንዝ ቦቲዎችም እንዲሁ ክልክል ናቸው። ጨርቁ ቶሎ ስለማይደርቅ ጥገኛ ተውሳክና ጥቃቅን ቀንድ አውጣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ይዞ ይሄዳል። የጎማ ሶል ያለው ይሻላል።

መንጠቆ ሁሉ ከሹል ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የሚወጣው እሾህ የሌለው መሆን አለበት። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ባለ እሾህ ስለሆነ በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተካከል ይቻላል። የፒንሳው አፍ ከመንጠቆው ጫፍ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ እሾሁ ላይ ይቀመጥና ቀስ እየተባለ ይጨመቃል። አግድም ተይዞ ከተጨመቀ ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ መንጠቆውን ጥጥ ጨርቅ ላይ ወግቶ መሳብ ነው፤ የጨርቁን ክር ይዞ ከቀረ እሾሁ ገና አልጠፋም። ትል፣ ሥጋና የዓሣ እንቁላል ለማጥመጃ አይፈቀዱም። ዓሣው እውነተኛ ምግብ ሲያገኝ ስለሚውጠው መንጠቆው ጉሮሮው ወይም ስንጥቡ ላይ ይተከላል፤ ሰው ሠራሽ ዝንብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከንፈሩን ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት መጥፎ ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚያልፍ በበጋቸው መሐል እንኳ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጎረቤት ድንኳን የተከሉት ሰዎች ደግሞ እሳት ዙሪያ ሆነው እስከ ሌሊት ይጮሁ ነበር። ሲነጋ በፋየርሆል ዳር አንድ ባይሰን (የአሜሪካ የዱር ጎሽ) እየጋጠ አገኘሁና ያሰብኩትን መግቢያ ትቼ ዞርኩ። ከባይሰን ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ፋየርሆል ሌላ ወንዝን አይመስልም። ከዳርና ዳሩ ፍል ውሃ እየጨሰ ይገባበታል። ይህ ለዓይን ያስደስታል፣ ለትራውት ግን በበጋ ጭንቅ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ክር ላይ የታገለ ዓሣ ደግሞ የሚፈልገው ኦክሲጅን ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ዓሣው ዋኝቶ ከዓይን ቢሰወርም ቆይቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ከዘንግ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው። ማለዳ 17 ዲግሪ ነበር፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ ከ20 በላይ ሆነና ዘንጌን አጣጠፍኩ። ሙቀቱ ሲበረታ ፓርኩ ራሱ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማግስቱ ፀሐይ መውጫ ወንዞችን ይዘጋል። ግን ማስታወቂያ እስኪለጠፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከእኔ ዝቅ ብለው የነበሩ ሰዎች ማጥመዳቸውን ቀጠሉ። አንዱ የያዘውን ብራውን ትራውት ለፎቶ ደረቅ ሣር ላይ አጋደመው፤ ዓሣው ሲንፈራገጥ ሣርና አፈር ለበሰ። ከዚያ ወደ ውሃው ወረወረውና "ለቀቅኩት" አለ። ይህ መልቀቅ አይባልም። የትራውት ገላ የሚያሟልጨው ፈሳሽ ከፈንገስና ከበሽታ የሚጠብቀው ነው፤ ደረቅ እጅ፣ ሣርና የናይሎን መረብ ይገፍፉታል።

በትክክል መልቀቅ የሚጀምረው ገና ዓሣው ሳይያዝ ነው። ክር ከመጠን በላይ ከቀጠነ ትግሉ ይረዝማል፤ ወፈር ያለ ክር ዓሣውን ቶሎ ያቀርባል። መረቡ ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ ይሁን፤ ዓሣው መረቡ ውስጥ እያለ ከውሃው አይወጣም። እጅ ይነከራል፣ ወረንጦ ይዘጋጃል፣ መንጠቆው በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይወጣል። በጥልቀት ከተተከለ መጎልጎል የባሰ ያደማል፤ ክሩን አፉ ጋ ቆርጦ መተው ይሻላል። ሆዱን መጭመቅ የውስጥ ዕቃውን ይጎዳል፣ ስንጥቡን መንካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። አንዱ እጅ ከጭራው ፊት ያለውን ቀጭን ቦታ ይይዛል፣ ሌላው ከክንፎቹ ሥር ይደግፋል፣ አፉ ውሃው ወደሚመጣበት ይዞራል። ብዙ ሰው ዓሣውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ውሃው በስንጥቡ በተገላቢጦሽ ስለሚያልፍ አይጠቅመውም። ረጋ ባለ ጅረት ላይ ዝም ብሎ መያዝ ይበቃል፤ ሲበረታ ራሱ ከእጅ ይወጣል። ፎቶ ካስፈለገ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ውሃ ከገላው እየተንጠባጠበ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይነሣል።

ኖሪስና ካንየን የሚባሉትን የፓርኩን ክፍሎች በመኪና መስኮት አይቼ አለፍኩ። በየሎውስቶን ሐይቅ በኩል ስዞር ፊሺንግ ብሪጅ ላይ ቆምኩ። በስሙ ተታልሎ ዘንግ የሚያወጣ እንግዳ ካለ፣ ድልድዩ ላይ ማጥመድ ከ1973 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ሐይቁ ውስጥ በ1994 ሌክ ትራውት መኖሩ ታወቀ። ይህ ዓሣ የአገሬውን ከትስሮት ትራውት ይበላል። ከትስሮት ለመራባት ወደ ትንንሽ ጅረቶች ስለሚወጣ ለድብ፣ ለንስርና ዓሣ ለሚበላው የውሃ አውሬ ለኦተር ምግብ ነበር፤ ሌክ ትራውት ግን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ኖሮ እዚያው ስለሚራባ አይደርሱበትም። ፓርኩ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን በመረብ አውጥቷል። አጥማጅም ከያዘ መግደል አለበት፤ ሬሳውን የማይፈልገው የአየር ከረጢቱን ወግቶ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያሰምጠዋል፣ ዳር ላይ ከተጣለ ድብ ይጠራልና።

ጉዞውን የማልረሳው ግን በሶዳ ቡት ላይ ባገኘኋቸው አንዲት አዛውንት ምክንያት ነው። ጎንበስ ብዬ መረቤ ውስጥ ያለውን ዓሣ ስመረምር አይተው ሳልጠይቃቸው መጡ። መንጋጋው ሥር ቀይ ብርቱካናማ ሰረዝ ነበረው፤ የከትስሮት ምልክት ነው። እሳቸው ግን ዓሣውን ውሃው ውስጥ ቀስ አድርገው አዘነበሉና የሆዱን ክንፍ አሳዩኝ፤ ጫፉ ነጭ ነበር። ራሱ ላይም ነጠብጣብ በርከት ብሏል። ከሬይንቦው ጋር የተዳቀለ ነው። እዚህ ጅረት ላይ ሬይንቦው፣ ብሩክ ትራውትና በምልክቱ የሚለይ ዲቃላ መገደል አለባቸው፤ ካልተገደሉ ንጹሑ የከትስሮት ዘር ይጠፋል። ከዓይኑ ኋላ በአንድ ጠንካራ ምት ገደሉት፣ ሳይንገላታ። ቀጥሎ የያዝኩት የክንፉ ጫፍ ነጭ የሌለበት፣ ጎኑ ወርቅማ ከትስሮት ነበር፤ ለቀቅነው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው እዚያ ባያጠምድ ይሻላል።

ፋየርሆል ላይ ሬይንቦውና ብራውን የሚለቀቁት በሌላ ምክንያት ነው። ከወንዙ ፏፏቴ በላይ ያለው ክፍል ቀድሞ ዓሣ አልነበረበትም፤ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ጀምሮ ሰው ነው ያስገባቸው፣ የሚያፈናቅሉትም ተወላጅ እዚያ አልነበረም። በእኛ ባሌም ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው። ዘንግ ይዤ እዚያ ስወርድ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው የወንዙ ተወላጅ ማን እንደሆነ ነው።

መሄድ ለሚያስብ፦ ለፋየርሆል ጁን፣ ውሃው ሳይሞቅ። ለላማር ወንዝና ለሶዳ ቡት ከጁላይ አጋማሽ በኋላ፤ ከዚያ በፊት የሚቀልጠው በረዶ ወንዙን ያደፈርሰዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ቦቲውና መረቡ ከጭቃ ይጸዱ፣ ውሃቸው ይንጠፍ፣ እስኪደርቁም ይሰጡ። ደንቡም ስለሚሻሻል የዓመቱን ቅጂ መያዝ ነው።